ክሪክ የማታምነው ኒጋር

ያን ዕለት ኒጋር ድንጋይ ስትመርጥ ያየ ሰው የቤት መሠረት የምትጥል ይመስለዋል። አንዱን ታነሣለች፣ ታገላብጠዋለች፣ "ይሄ ክብ ነው፣ ይንከባለላል" ብላ ትጥለዋለች። ሌላ ታነሣለች። "ይሄኛው ፍርክስክስ ነው፣ ሲጫኑት ይፈርሳል።" እሱንም ትጥለዋለች። እኔ አላያር ደግሞ፣ ፈጣሪ ትዕግሥት ሲያድል ጂፔን እያጠብኩ ነበር መሰለኝ፣ አልደረሰኝም። መኪናዬ ዳገት መሐል ተገትራለች፣ ሆዴ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው፣ ቤቴ ለመድረስ ደግሞ ሁለት ኩርባ ብቻ ነው የቀረኝ።

"በመውላ አሊ ይዤሻለሁ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው! አንዱን ወሽቂና ወደ ሥራሽ ግቢ!" አልኳት።

"ላላ፣ አንተ ሚስት ስትፈልግ ያገኘሃትን ነው እንዴ የወሰድከው?" አለችኝ ቀና እንኳ ሳትል።

እውነቱን ለመናገር አዎ፣ ያገኘኋትን ነው የወሰድኩት፣ ተመስገን ደህና ሆና ወጣች እንጂ። ግን ይሄ ለኒጋር የሚነገር ነገር አይደለም። እንደ ታላቅ ወንድሟ "ላላ" እያለች ታከብረኛለች፣ በዚያው አፏ ደግሞ መሬት ለመሬት ትጎትተኛለች።

ኒጋር የባባ ቱይፋን ልጅ የሆነው የሻምቢ ሚስት ናት። ሻምቢ ከተራራ ወጪዎች ጋር ጭነት ተሸክሞ በረዶ ላይ ነው የሚከርመው። እሷ ዘሯ ከእኛው ቢሆንም ያደገችው ካራቺ፣ አጎቷ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሌሎች ልጆች አሻንጉሊት ሲያቅፉ እሷ ካርቡራተር ታቅፍ ነበር ይላሉ። ይላሉ እንጂ እኔ አላየሁም። ያየሁት ግን ይበቃኛል። በመንደራችን በዛርድቤን የእሷ እጅ ያልነካው ጂፕ የለም። የኔዋን ያያችሁ እንደሆነ ትስቃላችሁ። አጭር ናት፣ ጠባብ ናት፣ በከተማ ሕግ አራት ሰው ትጭናለች። በእኛ ሕግ ግን ከላይም ከጎንም ሰው ተንጠልጥሎባት፣ ፍየልም ተጨምሮባት፣ የፍየል መንገድ በሚመስለው ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ዓመት እንድትወጣ ያደረገቻት ኒጋር ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም። ይህን ስናገር አላፍርም።

በዚያው ቀን ማምሻውን የመንደሩ ሽማግሌዎች ሊሰበሰቡ ነበር። ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው። የመንገዱ ሥራ ሲያልቅ ባዶውን የቀረው የድንጋይ መጋዘን ለኒጋር ጋራዥ ይሰጣት ወይስ አይሰጣት? እስካሁን የምትሠራው በሰው ደጅ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሥራዋ ይቆማል፣ በረዶ ሲመጣ ጨርሶ ይቀራል፣ ክረምቱን ሙሉ የመፍቻ ቁልፎቿን እየወለወለች ትቀመጣለች። ያ መጋዘን ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ፣ በአጠገቡ ስናልፍ አንገቷን እንዴት እንደምታዞር ማየት ነው። ከሽማግሌዎቹ ግማሹ ይሁን ይላል፣ ግማሹ ያንገራግራል፣ ሁሉም ግን የሚጠብቀው የባባ ቱይፋንን አፍ ነው። አማቷ ናቸው፤ መንገዱንም በእጃቸው ካወጡት አንዱ ናቸው። ባባ ደግሞ ቃላቸውን አስቀድመው፣ በጸሎት ቤቱ ደጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሰጥተዋል።

"አልከለክላትም። ግን መኪና አንዲት ጠብታ ደም ያወጣባት ዕለት፣ መፍቻዎቿን ሰብስባ ወንዝ ትጥላለች። ሻምቢ ከተራራ ሲወርድ የሚስቱን ሬሳ አላስረክበውም።"

ባባ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው። የሚመልሳቸው የለም።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ጠዋት ዕቃ ልንገዛ ፓሱ ገበያ ወርደን እየተመለስን ነበር። ስንነሣ ፍሬኑ ደህና ነበር። ድልድዩን ስናልፍ ግን ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ ሊጥ መስመጥ ጀመረ። ረገጥ ረገጥ ሳደርገው መለስ አለልኝ፤ እኔም ምን አባቱ፣ ቤት ልንገባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኒጋር ከጎኔ ተቀምጣ የደረቀ አፕሪኮት ታኝክ ነበር፤ ማኘኳን አቆመች።

"እግርህ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም።"

"ደጋግመህ ረገጥክ።"

"ሲያምረኝ እረግጣለሁ! መኪናዋ የኔ ናት!"

"አቁም፣ ላላ።"

"ሁለት ኩርባ እኮ ነው የቀረን!"

"ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ የጸሎት ቤቱ ቁልቁለት ነው። ሕፃናት የሚጫወቱበት። አቁም።"

አቆምኩ። ወርዳ የኋላውን ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል በእጇ ዳሰሰችና ጣቷን አሳየችኝ፤ በፍሬን ዘይት ርሷል። ወደዚያ ጎማ የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቋል። ደግነቱ አዲስ ቱቦ ዕቃዎቻችን መሐል አለ። "ሻይ እስኪፈላ አልቆይም" አለችኝ። ስለ ሥራው እውነቷን ነው። ከሥራው በፊት ስላለው ጣጣ ግን ትንፍሽ አላለችም።

በመጀመሪያ እጇን ዘረጋችልኝ። "ቁልፉን።"

"ሞተሯ ጠፍቷል እኮ።"

"አጥፋት አላልኩህም። ቁልፉን ስጠኝ ነው ያልኩህ።"

"ምነው፣ የገዛ መኪናዬን ልሰርቃት ነው?"

"አይደለም። ሰው ነህ፣ ይሰለችሃል። ሲሰለችህ ገብተህ ሬዲዮ ትከፍታለህ፣ ከዚያ እጅህ ቁልፉን ያዞራል። እኔ ከሥር ነኝ።"

ወይ ጉድ! ሬዲዮውን በእርግጥም አስቤው ነበር። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ገመድ ነቀለች፣ ጫፉንም በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጎን አስቀመጠችውና ኮፈኑን መልሳ ዘጋች። ቀጥላ የሻርፗን ጫፍ ኮሌታዋ ውስጥ ወተፈች፣ ቀለበቷን አወለቀች፣ የሠርጓን አምባሮች ሳይቀር አውልቃ በመሐረብ ቋጠረችና ወንበሩ ላይ አኖረችው። እኔ በዚህ መሐል ሲጋራ ላቀጣጥል ስል ከአፌ ላይ መንጭቃ ወሰደችብኝ።

"አንቺ! የመጨረሻዋ እኮ ናት!"

"ለኛም የመጨረሻችን እንዳትሆን ነው። ዘይት ፈሷል፣ የቤንዚኑ ጋን እዚሁ አጠገቡ ነው። ማጨስ ካማረህ ኩርባውን ዞረህ አጭስ።"

ሲጋራዬን ጆሮዋ ላይ ሰካችው። እንዲህ ናት እንግዲህ።

ያ የድንጋይ ምርጫ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኛል? "የእጅ ፍሬኑን ስቤዋለሁ! ማርሽም ውስጥ አስገብቼዋለሁ! ድንጋዩ ለምንድን ነው?" ብዬ ጮኽኩባት።

የመረጠችውን ድንጋይ ከፊት ግራ ጎማ ኋላ አስገብታ በመዶሻ እየመታች መለሰችልኝ። "የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው። መሐል ያለውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ባነሣሁት ጊዜ፣ እሱ በአየር ላይ በአንድ በኩል ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ጓደኛው በሌላ በኩል ይዞራል። ዘንጉ እንደተያዘ፣ ማርሹም እንደገባ፣ መኪናዋ ቁልቁል ትሄዳለች።"

"የፊቶቹስ?"

"የፊቱን ዘንግ ባለፈው ክረምት ፈትተህ ቤትህ ጣራ ላይ ጥለኸው የለ? የፊቶቹ እንደ ጋሪ ጎማ ናቸው፤ የሚይዛቸው የለም።"

"አልገባኝም።"

"ካልገባህ ድንጋይ አምጣ።"

አመጣሁላት። ከፊት ሁለቱ ጎማዎችና ከኋላ ግራው ጎማ ኋላ አንዳንድ ድንጋይ አደረገች፤ ዳገቱን አቅንተን ስለቆምን የምትሸሸው ወደኋላ ነውና። የሚወጣውን ጎማ ማሰሪያ ዳዶዎች መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች ላላ ላላ አደረገቻቸው። ክሪኩን በሰፊ ሳንቃ ላይ አቁማ በተራራው ወገን ያለውን የኋላ ቀኝ አነሣች፣ ጎማውን አወጣች። አሁንስ ትገባለች ስል፣ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ከመኪናዋ ጀርባ አውርዳ ከመኪናዋ አጥንት ከሻንሲው ሥር አጋደመችው፤ በላዩ ደግሞ የጠንካራ እንጨት ግንድ ቁራጭ፣ ሁልጊዜ በዕቃዋ መሐል የምትይዘውን፣ ደረበችበት።

"ክሪኩ ይዟታል እኮ!" አልኩ።

"ክሪክ ማንሻ ነው። መያዣ አይደለም። እኔ ክሪክ አላምንም።" ከዚያ መኪናዋን በትከሻዋ ተደግፋ፣ "ና፣ አብረን እንግፋት" አለችኝ።

"ልትጥያት ነው እንዴ?"

"እኔ ሳልገባ ከወደቀች ወደቀች ነው፣ መልሰን እናነሣታለን። ከገባሁ በኋላ ከሆነ ግን ማንሣቱ ላንተ ብቻ ነው የሚቀረው።"

ገፋናት። አልነቃነቅም አለች። ልንገራችሁ፣ ስነጫነጭ ዋልኩ እንጂ እያየኋት ልቤ ሞልቶ ነበር። ሰው ሥራውን እንዲህ አክብሮ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። ሌሎቻችን መኪና ሥር የምንገባው "በአሊ" ብለን ነው፤ እሷም "በአሊ" ትላለች፣ ስኮርታውን ካጋደመች በኋላ።

"አሁን እዚህ ቁም። ከመኪናዋ እንዳትርቅ። ሰው ከመጣ እኔ ከሥር እንዳለሁ ንገረው" አለችና በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች። እግሯ ብቻ በተራራው ወገን ይታያል።

ጥቂት ቆይቶ ከሥር "ኡፍ!" ስትል ሰማሁ።

"ምንድን ነው?"

"ዘይቱ ዓይኔ ውስጥ ተረጨ። ቱቦውን በጣቴ ደፍኜዋለሁ፣ መልቀቅ አልችልም። ውሃ! ቶሎ በል ላላ፣ እያቃጠለኝ ነው!"

ጀሪካኑን አየሁ፤ ባዶ ነው። ምንጩ ከበታቻችን፣ ኩርባው ጋ ነው። "ትተሽው ውጪ!" አልኳት። "ሂድ አልኩህ! አሁን በዚህ ሰዓት ማን ይመጣል!" አለችኝ። ሮጥኩ።

ጀሪካኑን ሞልቼ ቀና ስል ባባ ቱይፋን ከመንደሩ ወገን እየወረዱ ነው። በትራቸውን ይዘው፣ በገደሉ ጠርዝ በኩል፣ ቀስ እያሉ። ደስ አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ የቆምንበት ቦታ የማን ድርሻ እንደሆነ ትዝ አለኝና ክው አልኩ።

መንገዳችንን መንግሥት አይደለም ያወጣው፤ አባቶቻችን በዲጂኖ፣ በመዶሻና በባሩድ ነው ከገደል የፈለፈሉት። ካለቀ በኋላም እያንዳንዱ ቤት ቁራጭ ቁራጭ ተካፍሎ ይጠብቃል። እኛ የቆምነው በባባ ቱይፋን ቁራጭ ላይ ነበር። ባባ በቁራጫቸው ላይ ድንጋይ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ደግሞ የእኛ የሾፌሮች አመል ይታወቃል፤ ዳገት ላይ ስንቆም ድንጋይ ከጎማ ኋላ እንወሽቃለን፣ ስንሄድ ትተነው እንሄዳለን፣ የሚቀጥለው ሰው እሱ ላይ ወጥቶ ባሌስትራውን ይሰብራል። ስለዚህ ባባ የቆመ መኪና ሲያገኙ፣ ሾፌሩ ሊነሣ ነው ብለው ካሰቡ፣ ቀድመው ድንጋዩን ያነሣሉ። እኔን ደግሞ ጀሪካን ይዤ ከምንጩ ሲያዩኝ ውሃ ቀድቶ ሊሄድ ነው ከማለት ሌላ ምን ይበሉ? ከገደሉ ወገን ሆነው የተነሣው ጎማ አይታያቸውም። የኒጋር እግርም አይታያቸውም።

ጎንበስ አሉ። የፊቱን ግራ ድንጋይ አንሥተው ወደ ገደሉ ወረወሩት።

"ባባ!" ብዬ ጮኽኩ። "ባባ፣ ተው! ከሥር ሰው አለ!"

ወንዙ ይጮኻል፤ የባባም ጆሮ ከመንገዱ ባሩድ ጀምሮ የደከመ ነው። እጃቸውን አነሡልኝ፤ ሰላም ያልኳቸው መስሏቸዋል። ከዚያ ወደ ኋላው ጎማ ሄዱና ጎንበስ አሉ።

ጀሪካኑን ጥዬ ዳገቱን ስሮጥ ምድር እግሬን የያዘችኝ መሰለኝ። ሁለተኛውን ድንጋይ ሲያነሡት አየሁ። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ቀና አሉ። ጂፗ እንደሚነቃ ሰው ትንሽ ተንቀጠቀጠች። የቀረችው ሦስተኛዋ ድንጋይ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተች ሄደች፣ ክሪኩ ዘመመ፣ ከዚያ መኪናዋ ዷ! ብላ ኋላዋ ቁጭ አለ። አቧራው ሁሉን ሸፈነ።

ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ባባ ድንጋዩን እንዳቀፉ ደርቀው ቆመዋል። አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ገና አልገባቸውም።

"ኒጋር ከሥር ናት" አልኳቸው ስደርስ።

ድንጋዩ ከባባ እጅ አልወደቀም፤ አጥብቀው ያዙት።

በዚህ ጊዜ ከመኪናዋ ሥር ድምፅ መጣ። "ላላ፣ ያ ውሃ የት ደረሰ?"

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተንበርክኬ አጎንብሼ ሳይ፣ ሻንሲው በግንዱ ላይ፣ ግንዱ በስኮርታው ላይ ቁጭ ብሏል። ስኮርታው ተጨፍልቋል፣ ግን ይዟታል። በኒጋር አፍንጫና በብረቱ መሐል አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ አለ። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ታየኛለች።

"እግሬን ይዘህ ጎትት። በቀስታ።"

ጎተትኳት። ስትደነግጥ ቀና ብላ ኖሮ ግንባሯ ብረቱ ላይ ተጭሯል፤ ከቅንድቧ በላይ ደም ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ሌላ ምንም አልነካትም። ባባ ያዩት ግን ያንን ደም ብቻ ነው።

ክፉ ቀን ክፉ ነውና፣ በዚያችው ቅጽበት ከበታች ትራክተር እየጮኸ መጣ። ተጎታቹ ላይ የመንደሩ ሹም ባቂር ቤግና ለስብሰባው የሚወጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም ወርደው ከበቡን። አንደኛው የዘመመውን ክሪክ ያያል፣ ሌላው የተጨፈለቀውን ስኮርታ ይነካል። ባቂር ቤግ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን አፉ ይቀድመዋል።

"ያ አሊ! ወደቀባት እንዴ?" አለ። ከዚያ ግንባሯን አየ። "ደም አለ። እንግዲህ ባባ ቱይፋን በጸሎት ቤቱ ደጅ ያሉት ቃል..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤ መጨረስም አያስፈልገውም ነበር። ሁሉም ያንን ቃል ሰምተውታል። እኔ ደሜ ፈላና፣ "ቆይ አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩን..." ብዬ ስጀምር ኒጋር ክንዴን ያዘችኝ።

"ዝም በል፣ ላላ።"

"አልልም!"

"ዝም በል አልኩህ።" ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "ጥፋቱ የኔ ነው። ጠባቂ አቁሜ ነበር፣ ራሴ ውሃ ላክሁት። ሰው ሳላስቀምጥ ከመኪና ሥር መቆየት አልነበረብኝም።"

ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። አስቡት እስቲ! ያን መጋዘን ስታይ አንገቷ እንዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። "ባባ ናቸው ድንጋዩን ያነሡት" ብትል እኔ ምስክሯ ነኝ፣ መጋዘኑ የሷ ነው። ግን ሽማግሌ አማቷን በእኩዮቻቸው ፊት አላዋረደችም፤ የራሷን ስሕተት ብቻ ወስዳ ቆመች። አንዳንዱ ሰው እንዴት ተሠርቶ ነው ያሰኛል።

ባቂር ቤግ ጢሙን ዳበሰ። "እንዲያ ከሆነ እንግዲህ፣ ማታ ስብሰባ ምን ያስፈልጋል" አለ።

"ያስፈልጋል" አሉ ባባ።

ሁላችንም ዞርን። ባባ ያንን ድንጋይ አሁንም እንዳቀፉ ናቸው። ወደ መሐል መጥተው በሹሙ እግር ሥር አስቀመጡት።

"ይሄን ከጎማው ኋላ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አላያር ሊሄድ ነው መስሎኝ። ሌላውን ገደል ወርውሬዋለሁ። ምራቴ ከሥር ነበረች።"

"ባባ፣ እርስዎ አላወቁም..." አለች ኒጋር።

"አንቺ ተይ! ስለ ራስሽ የተናገርሽው ይበቃል፣ ስለ ራሴ እኔ ልናገር።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "መኪና ደም ያወጣባት ዕለት ብያለሁ። አልካድኩም። መኪና አይደለም ያወጣባት። እኔ ነኝ። ልገድላት የቀረኝ ያ ግንድ ብቻ ነው።"

ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሩ።

"ባቂር፣ መንገዱን ስናወጣ አንተም ነበርክ። ወንድሜ ጉልባስት እዚህ ከታች፣ ኩርባው አጠገብ ሲቆፍር ከራሱ በላይ ያ ቋጥኝ ነበረ። ምን አልን? ስንት ዓመት የቆመ ዛሬ አይወድቅም አልን። አንድ ግንድ ብቻ አስደገፍነው። ማን ነበር 'ሌላም ይጨመር' ያለ? አንድ ሰው አልነበረም። ለመጨረስ ቸኩለን ነበር። ቋጥኙ ሲመጣ ያ አንድ ግንድ እንደ ክብሪት ተሰበረ። እኔ ነኝ በእጄ ያወጣሁት ጉልባስትን፣ ታውቃለህ።"

ባቂር ቤግ አንገቱን ደፋ።

"ይቺ ልጅ ድንጋይ አስገባች፣ አልበቃትም። ክሪክ አቆመች፣ አላመነችውም። ስኮርታ አጋደመች፣ በላዩ ግንድ ደረበች። እኔ ሽማግሌው መጥቼ ድንጋዩን ሁሉ ብወስድባት እንኳ የሚይዛት አስቀምጣለች። ያን ቀን እንደሷ ያለ አንድ ሰው መሐላችን ቢኖር ኖሮ ወንድሜ ዛሬ ከኔ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር።" እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ አላፈሩበትም። "መጋዘኑን ስጧት። ማታ ሌላ የምናገረው የለኝም።"

ኒጋር ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ዓይኗ ያነባው ከዘይቱ ይሁን ከሌላው እኔ አልጠየቅኳትም።

ተመልሼ ውሃ ቀዳሁ፤ ዓይኗን ደጋግማ ታጠበች፣ ግንባሯን በንጹሕ ጨርቅ አሰረች። ሥራው አልተጨረሰም ነበር። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሆነው ደገፏት፣ ጂፗን እንደገና በክሪክ አነሣናት። አዳዲስ ድንጋዮችን የመረጡት ባባ ናቸው፤ አንዱን አንሥተው ያገላብጡና፣ "ይሄስ?" ብለው ለኒጋር ያሳዩዋታል፤ እሷም፣ "ክብ ነው፣ ባባ" ስትላቸው ያለ አንዳች ቃል ጥለው ሌላ ይፈልጋሉ። ስኮርታው ተመልሶ ተጋደመ፣ ግንዱም ተደረበ። እኔን ማንም ሳይነግረኝ መኪናዋን በትከሻዬ ገፋኋት። አልተነቃነቀችም። ኒጋር በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች።

ባቂር ቤግ ግን ሰዓቱን ያያል። በገደሉ ወገን ለትራክተሩ የምትበቃ ቦታ አለች፣ ተጎታቹ ጂፗን ሊነካ ለጥቂት ነው። ሾፌሩ አስነሣና ጥሩንባውን ነፋ። "ባባ፣ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልን፣ በቀስታ እናልፋለን!" አለ ባቂር ቤግ ከላይ ሆኖ። "ሰው ስብሰባው ላይ እየጠበቀን ነው!"

ባባ ቱይፋን ወደ መንገዱ መሐል ወጡ። በትራቸውን አግድም ያዙና ከትራክተሩ አፍንጫ ፊት ቆሙ፤ እንዲያ ሲጮኹ በሕይወቴ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ሞተሩን አጥፋ! ማንም በዚህ አያልፍም! ልጄ ከሥር ናት!"